30 ተጎጂ፣ 103 ድል፦ የ2019ኙ ያንኪስ

በ2019 የቤዝቦሉ ቡድን የኒውዮርክ ያንኪስ 30 ተጫዋቾች የጉዳት ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። አንዳንዶቹ ደጋግመው ስለገቡ ድምሩ 39 ጊዜ ይሆናል። በአንድ የውድድር ዘመን ይህን ያህል የተለያየ ተጫዋች በጉዳት ያጣ ቡድን እስከዚያ ድረስ በሜጀር ሊግ (በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) አልታየም። በዚያው ዓመት ያንኪስ ከ162 ጨዋታ 103ቱን አሸነፈ። ከ2012 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜም ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። ከዚያ ለዓለም ሻምፒዮናው ፍጻሜ ሁለት ድል ሲቀረው ወደቀ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ዓመት ብዙ ጊዜ የሚወራው እንደ ጽናት ታሪክ ነው። አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይነሳል፣ ቡድኑም ይቀጥላል። እውነት አለው። ግን ያንኪስ የቱ ጋ ሰው እንደነበረው፣ የቱ ጋ እንዳልነበረው ለይተን ካላየን በጥሎ ማለፉ፣ ኦክቶበር ላይ፣ የሆነው አይገባንም። መቺ ሲጎዳ የሚተካው ሰው ተዘጋጅቶ ነበር። ጨዋታ የሚከፍት ጀማሪ ወርዋሪ ሲጎዳ ግን የሚተካው አልነበረም። ለእኔ የዓመቱ ቁም ነገር ይሄ ነው።

ስለ ቤዝቦል ብዙም ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ውድድሩ በስድስት ወር 162 ጨዋታ ነው፤ በየቀኑ ይጫወታሉ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዘጠኝ መቺዎች በተራ ይመታሉ፤ እነሱ በየቀኑ መሰለፍ ይችላሉ። ወርዋሪ ግን ክንዱ አይችልም። ጨዋታውን የሚከፍተው ጀማሪ ወርዋሪ የሚሰለፈው በአምስት ቀን አንዴ ነው። ስለዚህ አንድ ቡድን አምስት ጀማሪ ያስፈልገዋል። ጀማሪው ሲደክም ቡልፔን የሚባለው የተተኪ ወርዋሪዎች ክፍል ይረከበዋል።

በ2019 ሕግ ቡድኑ ለጨዋታ የሚያቀርበው 25 ሰው ነበር። ከዚያ ሰፋ ያለ የ40 ሰው ዝርዝር አለ። ከ25ቱ የተረፉት በታችኛው ሊግ ይጫወታሉ። የያንኪስ ትሪፕል ኤ (ከሜጀር ሊጉ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው ሊግ) ቡድን ፔንስልቬንያ ውስጥ፣ ስክራንተን ዊልክስ-ባሪ አካባቢ ነው። የተጎዳ መቺ ቢያንስ ለ10 ቀን ጉዳት ዝርዝር ሲገባ ከ25ቱ አንድ ቦታ ይለቃል። ወደ 60 ቀኑ ዝርዝር ሲዛወር ደግሞ ከ40ዎቹም ይወጣል። አንዳንድ ወጣት ተጫዋቾች ኦፕሽን የሚባል ነገር አላቸው። ኦፕሽን ያለውን ልጅ ቡድኑ ሌላ ክለብ ሳይነጥቀው ወደ ታች ይልከዋል፣ ሲፈልግ ይመልሰዋል። ነገሩ ደረቅ የቢሮ ሥራ ይመስላል። ግን የተጎዳው ወንበር ካልለቀቀ ጤነኛው መግቢያ የለውም። የስብስብ ጥልቀት የሚባለው ነገር ግማሹ እዚህ ወረቀት ላይ ነው የሚሠራው።

ገና ከመነሻው

በ2018 ያንኪስ 100 ጨዋታ አሸንፎ ነበር። ቦስተን ሬድ ሶክስ 108 ስላሸነፈ ያንኪስ የምድቡ ሁለተኛ ሆነና ዋይልድ ካርድ ከሚባለው የአንድ ጨዋታ ማጣሪያ ጀመረ። ቦስተን በሚቀጥለው ዙር አስወጣው። ስለዚህ 2019 የብቀላ ዓመት እንዲሆን ተፈልጎ ነበር። ፌብሩዋሪ ላይ ክለቡ ለወርዋሪው ለሉዊስ ሰቨሪኖ የአራት ዓመት የ40 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። ለሴንተር ፊልድ ተጫዋቹ ለአሮን ሂክስም የሰባት ዓመት የ70 ሚሊዮን ውል አስፈረመው። የውድድሩ የመጀመሪያ ቀን ሲደርስ ሁለቱም አልነበሩም። ሰቨሪኖ በ2018 19 ጨዋታ አሸንፎ የቡድኑ ቁጥር አንድ ወርዋሪ የነበረ ሰው ነው፤ ትከሻው ተቆጣ። ሂክስን ጀርባው ያዘው። ሾርትስቶፑ (በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ፣ ማለትም በሯጩ ማረፊያዎች፣ መካከል የሚከላከለው) ዲዲ ግሪጎሪየስ በ2018 ኦክቶበር የክርኑን ጅማት በቶሚ ጆን ቀዶ ጥገና አስጠግኖ ገና እያገገመ ነበር። ከቡልፔኑ ምሰሶዎች አንዱ ዴሊን ቤታንሰስም በትከሻው ምክንያት ውጪ ነበር።

ከዚያ ተከታተለ። ማርች 31፣ በሦስተኛው ጨዋታ፣ ሚጌል አንዱሃር ወደ ሦስተኛ ቤዝ ለመመለስ ተወርውሮ ትከሻውን ተጎዳ። ያለፈው ዓመት 27 ሆም ራን (ኳሱን ከሜዳው አሻግሮ ነጥብ የሚያስገኝ ምት) የመታ፣ በምርጥ አዲስ ተጫዋች ምርጫ ከሾሄይ ኦታኒ ቀጥሎ ሁለተኛ የወጣ ልጅ ነው። በዓመቱ በሙሉ የተጫወተው 12 ጨዋታ ብቻ ሆነ። በማግስቱ ጂያንካርሎ ስታንተን የክንዱ ጡንቻ ተሳበ። ለግሪጎሪየስ መሸጋገሪያ ተብሎ የመጣው ትሮይ ቱሎዊትስኪ አምስት ጨዋታ ተጫውቶ ባቱን ተጎዳ፤ ጁላይ ላይ ከስፖርቱ ተሰናበተ። የአንደኛ ቤዙ ግሬግ በርድ እግሩን፣ ካቸሩ ጋሪ ሳንቼዝ ባቱን። ኤፕሪል 20 ደግሞ አሮን ጃጅ። የመምቻ ዱላውን ሲያወዛውዝ የጎኑ ጡንቻ ተቀደደ። እስከ ጁን 21 አልተመለሰም።

መጀመሪያ ላይ ጉዳቱ ውጤት ላይ ታይቷል። ያንኪስ በሜዳው በባልቲሞር ከሦስት ሁለት ተሸነፈ፣ በዲትሮይትም ከሦስት ሁለት። እነዚህ ቡድኖች በዚያ ዓመት 108 እና 114 ጨዋታ የተሸነፉ ናቸው። ሂውስተን ላይ ደግሞ ሦስቱንም አጣ። ከመጀመሪያዎቹ 15 ጨዋታዎች የተገኘው ድል ስድስት ብቻ ነበር።

የተኩት እነማን ናቸው?

ዲጄ ሌማሂዩ ጃንዋሪ ላይ በሁለት ዓመት 24 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርም ብዙ ወሬ አልነበረም። በኮሎራዶ ሮኪስ ሳለ በ2016 የናሽናል ሊግ (ሜጀር ሊጉ በናሽናልና በአሜሪካን ሊግ ይከፈላል) ከፍተኛውን የመምታት አማካይ ይዞ ነበር። ያም ሆኖ ያንኪስ የያዘለት ቋሚ ቦታ የለም። እቅዱ አንድ ቀን አንደኛ ቤዝ፣ አንድ ቀን ሁለተኛ፣ አንድ ቀን ሦስተኛ እየተዘዋወረ ሌሎችን እንዲያሳርፍ ነበር። የውድድሩ የመክፈቻ ቀን የጀመረው ከተቀያሪ ወንበር ነው። ዓመቱ ሲያልቅ .327 መትቷል (ከሺህ ሙከራ 327 ስኬታማ ምት እንደማለት ነው)፣ 26 ሆም ራንና 102 አር ቢ አይ (በእሱ ምት የገባ ነጥብ) አለው፣ በአሜሪካን ሊግ ኮከብ ተጫዋች ምርጫም አራተኛ ወጥቷል።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ፤ ምክንያቱም ከዚህ ውል የሚገኘው ትምህርት ከቁጥሮቹ ይበልጣል። ያንኪስ ጉዳት ከመድረሱ በፊት ለማይታወቅ ክፍተት ሰው ገዛ። ሦስት ቦታ በብቃት የሚጫወት አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ ብቻ ከሚያውቁ ሦስት ተጠባባቂዎች ይሻላል። በ25 ሰው ስብስብ ውስጥ ወርዋሪዎች ግማሹን ይወስዳሉ። ለመቺ ተቀያሪ የሚተርፈው ሦስት ወይም አራት ወንበር ነው። አንዱሃር ሲጎዳ፣ ቱሎዊትስኪ ሲጎዳ፣ በርድ ሲጎዳ መልሱ እየዞረ ሌማሂዩ ጋ የደረሰው ለዚህ ነው።

ጂዮ ኡርሼላ ሌላ ዓይነት ታሪክ ነው። ክሊቭላንድ ለቶሮንቶ ለቀቀው፣ ቶሮንቶ ደግሞ በኦገስት 2018 በጥሬ ገንዘብ ለያንኪስ ሰጠው። ከዚያ በፊት በሜጀር ሊግ የመምታት አማካዩ .225 ነበር። እጁ ወርቅ ነው፤ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ኳስ አታልፈውም። መምታት አይችልም ተብሎ ነበር የተተወው። ትሪፕል ኤ ላይ ከአሰልጣኞች ጋር አመታቱን አስተካከለ። አንዱሃር ሲጎዳ ተጠራ፤ ከዚያ በኋላ ቦታውን ማንም አልወሰደበትም። .314 መታ፣ 21 ሆም ራን።

ማይክ ታውችማን ውድድሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ገና ሜጀር ሊግ ባልደረሰ ወርዋሪ ተለውጦ ከኮሎራዶ መጣ። 13 ሆም ራን መታ። ካሜረን ሜይቢን ጃጅ በተጎዳ በቀናት ውስጥ ከክሊቭላንድ የትሪፕል ኤ ቡድን በጥሬ ገንዘብ ተገዛ፤ 11 መታ። ማይክ ፎርድ ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የመጣ፣ ማንም ክለብ በድራፍት (በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ) ያልመረጠው ልጅ ነው። እሱም 12 መታ። ሴፕቴምበር 1 ከኦክላንድ ጋር ሲጫወቱ ከተቀያሪ ወንበር ተነስቶ ጨዋታ የጨረሰበትን ሆም ራን የያንኪስ ደጋፊ አይረሳውም። ብሬት ጋርድነር ደግሞ ሊደገፍ ሲገባው ደገፈ። ኦገስት ላይ 36 ዓመት የሞላው ሰው ሂክስ በሌለበት ሴንተር ፊልድን ይዞ 28 ሆም ራን መታ። በሕይወቱ ከፍተኛው ነው።

ቁጥሩ ምን ያህል እውነት ነው?

ውጤቱ ግሩም ነበር። ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁን 30 ያንኪስ በተከታታይ 31 ጨዋታ ቢያንስ አንድ ሆም ራን መታ። የሜጀር ሊግ ሪከርድ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ጨዋታዎች ከቦስተን ጋር ለንደን የተደረጉት ነበሩ፤ 17 ለ 13 እና 12 ለ 8 አሸነፈ። በዓመቱ 14 ተጫዋቾች እያንዳንዳቸው 10 እና ከዚያ በላይ ሆም ራን መቱ። በአንድ ቡድን ያን ያህል ሰው ከዚያ በፊት አልደረሰም። የቡድኑ ድምር 306 ሆነ። እስከዚያ ድረስ ከዚህ የበለጠው የዚያው ዓመት የሚኒሶታ ትዊንስ 307 ብቻ ነበር።

ይህን ሁሉ ለክለቡ ብልሃት ብቻ መስጠት ግን አይገባም። 2019 ሆም ራን የዘነበበት ዓመት ነው። በሜጀር ሊጉ በጠቅላላ 6,776 ተመቷል፤ ከዚያ በፊት ያን ያህል ተመትቶ አያውቅም። ኳሷ ራሷ ከወትሮው ይልቅ ትበር ነበር። ተጠባባቂ መቺ ለማግኘት ከዚህ የተሻለ ዓመት የለም። በሚቀጥለው ዓመት፣ ባጠረው የ2020 ውድድር፣ ታውችማን በ43 ጨዋታ አንድም ሆም ራን አልመታም። የፎርድ አማካይ ወደ .135 ወረደ። ኡርሼላ ግን ጸና። ሌማሂዩም .364 መትቶ የአሜሪካን ሊግን አማካይ መራ። ሁለት ዓይነት ተተኪ ነበር ማለት ነው። አንዱ ዕድል ሲያገኝ ማንነቱን ያሳየ፣ ሌላው ለጥቂት ወራት ቀዳዳ የደፈነ። በ2019 ሁለቱም እኩል ያስፈልጉ ነበር። ሦስት ወር የቆመ ሰውም ቢሆን ከባዶ ቦታ ይሻላል፤ ለሁለት ወር ጃጅን መተካት የአንድ ዓመት ኮከብነት አይጠይቅም።

አሰልጣኙ አሮን ቡን በዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ምርጫ ከሚኒሶታው ሮኮ ባልዴሊ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። ሥራው ቀላል አልነበረም። ማን እንደሚሰለፍ ጠዋት የማያውቅበት ወር ነበረው።

የሚያገረሸው ጉዳት

እዚህ ጋ ደስ የማይል ነገር አለ። የ39ኙ ቁጥር ግማሽ ታሪኩ እድለ ቢስነት ቢሆንም፣ የቀረው እያገገሙ ሳለ የተጎዱ ሰዎች ታሪክ ነው። ሰቨሪኖ ከትከሻው ሲያገግም ኤፕሪል ላይ የጀርባው ጎን ጡንቻ ተቀደደ። ስታንተን ከክንዱ ሲያገግም ትከሻው፣ ከዚያ ባቱ። ጁን 18 ተመለሰና በሳምንቱ ሦስተኛ ቤዝ ላይ ሲንሸራተት ጉልበቱ ተጎዳ። በዓመቱ በመደበኛው ውድድር 18 ጨዋታ ብቻ ተጫወተ። በ13 ዓመት 325 ሚሊዮን ዶላር ውል ላይ ያለ፣ በ2018 158 ጨዋታ የተሰለፈ ሰው ነው። አንደኛ ቤዝ የያዘው ሉክ ቮይት በአንድ ወር ልዩነት ሁለቴ በሆዱ ጡንቻ ወጣ።

የቤታንሰስ ግን ያሳዝናል። አምስት ወር ተኩል ጠብቆ ሴፕቴምበር 15 ቶሮንቶ ላይ ተመለሰ። ሁለት መቺ ገጠመ፣ ሁለቱንም በስትራይክ አስወጣ። ከሁለተኛው በኋላ ትንሽ ዘለል ሲል የተረከዙ ጅማት በከፊል ተቀደደ። የዓመቱ ሥራው ያ ነበር።

ቡድኑ መቺዎችን በመተካት የተዋጣለት መሆኑ ይህን ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ሸፈነው ብዬ አምናለሁ። እያሸነፍክ ስትሄድ ሰዎችህ ለምን እንደሚሰበሩ የሚጠይቅህ ይቀንሳል። ክለቡ ጥያቄውን በይፋ ያነሳው ውድድሩ ካለቀ በኋላ ነው። በጃንዋሪ 2020 ኤሪክ ክረሲ የሚባል የአካል ብቃት ባለሙያ የተጫዋቾች ጤና ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ የቀድሞው አደረጃጀትም ተቀየረ።

ጁላይ 31

እስከ 2018 ድረስ ሁለተኛ በር ነበር። ጁላይ 31 ካለፈ በኋላም ኦገስት ላይ ዌይቨር በሚባል አሠራር በኩል ተጫዋች መለዋወጥ ይቻል ነበር። በ2019 ያ በር ተዘጋ። ከጁላይ 31 በኋላ ትልቅ ተጫዋች በልውውጥ ማምጣት አይቻልም ነበር።

ያንኪስ ያኔ መቺ ሞልቶታል። ጁን ላይ ኤድዊን ኤንካርናሲዮንን ከሲያትል አምጥቶ ነበር። የጎደለው ጀማሪ ወርዋሪ ነው። ሰቨሪኖ የለም፤ ጆርዳን ሞንትጎመሪም በ2018 ቶሚ ጆን ስለተደረገለት የለም። ሲሲ ሳባቲያ በሚያመው ጉልበቱ የመጨረሻ ዓመቱን እየተጫወተ ነው። ጄ ኤ ሃፕ በዓመቱ 34 ሆም ራን ተመትቶበታል። የቀሩት ጄምስ ፓክስተን፣ ማሳሂሮ ታናካና ዶሚንጎ ኸርማን ናቸው። ኸርማን በዓመቱ 18 ጨዋታ አሸንፏል፤ ከቡድኑ ማንም የሚደርስበት የለም። ጄኔራል ማናጀሩ ብራያን ካሽማን በዚያ ቀን ለሜጀር ሊጉ ቡድን አንድም ጀማሪ ወርዋሪ አላመጣም። ሂውስተን አስትሮስ ግን ዛክ ግሪንኪን ከአሪዞና ወሰደ፤ ጀስቲን ቨርላንደርና ጌሪት ኮል ባሉበት ላይ።

የሚጠየቀው ዋጋ ውድ እንደነበር አልጠራጠርም። ምርጥ ወጣቶችህን አሳልፈህ መስጠት አለብህ። ግን ሰቨሪኖ ሳይወረውር አራት ወር ካለፈው በኋላ "እሱ ሲመለስ ይበቃናል" ብሎ መወራረድ ትልቅ አደጋ ነበር። መቺን ከሌላ ክለብ ተራፊ ፈልገህ ታገኛለህ። ስድስት ኢኒንግ (ጨዋታው ዘጠኝ ኢኒንግ ወይም ዙር አለው) በብቃት የሚወረውር ሰው ማንም አይጥልም፤ ስለዚህ ኡርሼላን የሰጠው ዘዴ ለወርዋሪ አይሠራም።

ሴፕቴምበር 19 ሁለት ነገር በአንድ ቀን ሆነ። ያንኪስ ሎስ አንጀለስ ኤንጅልስን 9 ለ 1 ረትቶ 100ኛ ድሉን አገኘ፣ ምድቡንም አሸነፈ። በዚያው ቀን ኸርማን በሜጀር ሊጉ የቤት ውስጥ ጥቃት ፖሊሲ መሠረት ከቡድኑ ታገደ። ጉዳት አልነበረም። ለስብስቡ ግን ያው አንድ ጀማሪ ጎደለ፤ በሩ ደግሞ ከተዘጋ ሰባት ሳምንት ሆኖታል።

ኦክቶበር

ሚኒሶታን በ3 ለ 0 አሳልፎ ከሂውስተን ጋር ለአሜሪካን ሊግ ዋንጫ ተገናኘ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ታናካ ወረወረ፣ ያንኪስ 7 ለ 0 አሸነፈ። ስታንተን ሆም ራን መታና ጭኑን ተጎዳ፤ ቀጣዮቹን ሦስት ጨዋታዎች አልተሰለፈም። ሁለተኛውን በ11ኛው ኢኒንግ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ሦስተኛውን ሰቨሪኖ ያዘ። ከጉዳት ከተመለሰ ገና ወሩ ነበር፣ በመደበኛው ውድድርም የወረወረው ሦስት ጨዋታ ብቻ ነው። አምስተኛውን ኢኒንግ ሳይጨርስ የወረወረው ኳስ ብዛት አስወጣው። በሌላ በኩል ኮል ነበር። ውጤቱ 4 ለ 1 ሆነ።

ከዚያ ዝናብ መጣ። የአራተኛው ጨዋታ በአንድ ቀን ሲገፋ የእረፍት ቀን ጠፋ። ይህ ጀማሪ ወርዋሪ ለሞላው ቡድን ችግር ነው፤ በቡልፔን ለሚኖር ቡድን ግን መከራ ነው። አራተኛው 8 ለ 3 ተሸነፈ። በዚያ ጨዋታ ሳባቲያ ትከሻው ወጥቶበት ከሜዳ ወጣ፤ የ19 ዓመት የሜጀር ሊግ ሕይወቱ እዚያ ተፈጸመ። አምስተኛውን ፓክስተን አዳነ። ሂክስ ከጉዳት ተመልሶ ቨርላንደር ላይ የሦስት ነጥብ ሆም ራን መትቶ 4 ለ 1 አሸነፉ።

ስድስተኛው ጨዋታ ኦክቶበር 19 ሂውስተን ላይ ነው። ያንኪስ ጀማሪ አልነበረውም። ጨዋታውን ቡልፔኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀባብሎ ሊይዘው ተወሰነ። ቻድ ግሪን ከፈተው፤ በመጀመሪያው ኢኒንግ ዩሊ ጉሪዬል የሦስት ነጥብ ሆም ራን መታበት። ሂውስተንም የዚያን ቀን በቡልፔን ነበር የተጫወተው። ልዩነቱ ግን ለሰባተኛው ጨዋታ ኮል አርፎ እየጠበቀ መሆኑ ነው። ሂውስተን ስድስተኛውን ቢሸነፍ ነገ ነበረው። ለያንኪስ ነገ ማለት ግማሽ ጤናው ላይ ያለው ሰቨሪኖ ነበር፤ ያውም ዛሬን ካለፉ።

በዘጠነኛው ኢኒንግ 4 ለ 2 እየተመሩ ሌማሂዩ የሁለት ነጥብ ሆም ራን መትቶ አቻ አደረገ። መክፈቻው ቀን ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው። የመቺዎቹ ጥልቀት እስከ መጨረሻው ሠርቷል። ከዚያ የሂውስተኑ ሆሴ አልቱቬ በያንኪሱ ወርዋሪ በአሮልዲስ ቻፕማን ላይ የሁለት ነጥብ ሆም ራን መታ፤ 6 ለ 4፣ ዓመቱ አለቀ።

ዲሴምበር ላይ ያንኪስ ለጌሪት ኮል የዘጠኝ ዓመት የ324 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠ። በጊዜው ለወርዋሪ የተከፈለ ከፍተኛው ውል ነው። ክለቡ የት እንደተሸነፈ አውቆታል ማለት ነው። በፌብሩዋሪ 2020 ግን ፓክስተን ጀርባው ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሰቨሪኖም ለቶሚ ጆን ገባ፤ በኦክቶበር የተሸከመው ክንድ ነው። ማርች ላይ ደግሞ የጃጅ የጎድን አጥንት ስንጥቅ እንዳለበት ታወቀ። ክለቡ እንደገመተው የደረሰበት በ2019 ሴፕቴምበር፣ አውትፊልድ ላይ ኳስ ለመያዝ ሲወረወር ነው። ያ ጉዳት በ39ኙ ቁጥር ውስጥ የለም። ጃጅ ሙሉውን ኦክቶበር የተጫወተው ከእሱ ጋር ነበር።